ውሻን በዝርያው ማገድ፦ ክርክሩ ወሎ ሲደርስ

እንግሊዝ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ግዙፍ ውሻ ካገደች ወዲህ የውሻ ዝርያ ነገር እኛም ዘንድ መነጋገሪያ ሆኗል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ልጅ በውሻ ተነከሰ ከተባለ ወሬው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «እነዚህን የፈረንጅ ውሾች መንግሥት ለምን አያግድልንም?» ይላል። ሌላው «ጥፋቱ የአሳዳጊው ነው፤ ውሻው ምን አደረገ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ቁጥር ይጠቅሳሉ። ቁጥሩ ግን የተሰበሰበው ውሻ ባለቤት ኖሮት፣ በገመድ ተይዞ መንገድ በሚወጣበት አገር ነው። እዚህ ሲመጣ ምን ያህል ይሠራል? በመጣበት አገርስ ቢሆን የሚባለውን ያህል ያስረዳል?

እገዳው ምን ማለት ነው?

በዝርያ ላይ የተመሠረተ እገዳ የሚባለው የአንድን ውሻ የግል ጠባይ ሳያይ በዘሩ ብቻ የሚከለክል ሕግ ነው። ነክሶ አያውቅም፣ ከልጆች ጋር ነው ያደገው ቢባል ለውጥ የለውም። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ አለቀ።

የእንግሊዝ ሕግ የወጣው በ1991 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ አራት ዓይነት ውሾችን ከለከለ፦ ፒትቡል ቴሪየር፣ የጃፓን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖ እና ፊላ ብራዚሌሮ። ኤክስኤል ቡሊ የተጨመረው ብዙ ቆይቶ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2023 የመጨረሻ ቀን ጀምሮ መሸጥና ማራባቱ፣ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ያለ ልዩ የምስክር ወረቀት መያዙ ወንጀል ሆነ።

ሁሉም አገር ግን በዚያው መንገድ አልቀጠለም። ኔዘርላንድ ፒትቡልን በ1993 ከልክላ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ተወችው። ጣሊያን ረጅም የዝርያ ዝርዝር ነበራት፤ በ2009 ቀድዳ ጥላ ኃላፊነቱን ባለቤቱ ላይ አደረገች። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ በ1989 ያወጣችውን እገዳ ነዋሪዎቿ በ2020 በድምፅ ሽረው በፈቃድ ሥርዓት ተኩት። ዴንማርክ በተቃራኒው በ2010 የታገዱትን ዝርያዎች ቁጥር ወደ አሥራ ሦስት አሳደገች። አንዱ ሲያጠብቅ ሌላው ይፈታል። ማስረጃው ቁርጥ ያለ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

የደጋፊዎቹ ክርክር ቀላል አይደለም

እገዳን የሚደግፉ ሰዎች ስሜታዊ ናቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ትክክል አይሆንም። ዋናው ነጥባቸው የንክሻው ብዛት ሳይሆን የጉዳቱ መጠን ነው። ትንሽ ውሻ ቢነክስ እግር ይደማል። መንጋጋው ትልቅ የሆነ ሃምሳ ኪሎ ውሻ ቢነክስና አልለቅም ቢል ነገሩ ሌላ ነው። ተጠቂው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ንክሻው ፊትና አንገት ላይ ያርፋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ጥናት በ1979 እና በ1998 መካከል በውሻ የተገደሉ ሰዎችን ያየ ነው። የውሻው ዝርያ የታወቀባቸው 238 ሞቶች ነበሩ። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ፒትቡል መሰል ውሾችና ሮትዋይለሮች ተሳትፈዋል። ይህ ቁጥር የእገዳ ደጋፊዎች ምሰሶ ነው። እዚያው ጥናት ላይ ግን ቢያንስ 25 ዝርያዎች ሰው መግደላቸው ተጽፏል። አጥኚዎቹም ራሳቸው ሞት ከጠቅላላው ንክሻ እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ የፖሊሲ ዋና መሠረት መሆን የለበትም ብለዋል። ጥናቱ ሲጠቀስ ግን ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ለእገዳው የሚያደላ ሌላ ማስረጃም አለ። በካናዳ ማኒቶባ ግዛት የተሠራ ጥናት እገዳ ባወጡ አካባቢዎች በውሻ ተነክሶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ከ100,000 ነዋሪ ከ3.47 ወደ 2.84 ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ትልቅ ለውጥ አይደለም፤ ግን የለም ማለትም አይቻልም። በሌላ በኩል በዴንማርክ ኦደንሴ ከተማ የተሠራው ጥናት ከ2010ሩ እገዳ በኋላ ሆስፒታል የመጣው የንክሻ ቁጥር ላይ ለውጥ አላገኘም። በእንግሊዝ ደግሞ ሕጉ እየሠራ ባለበት ከ1998 እስከ 2018 በውሻ ንክሻ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ከ100,000 ከ6.34 ወደ 14.99 አድጓል። ይህ ሕጉ ከሸፈ ለማለት ብቻውን አይበቃም። የውሻው ቁጥርም በዚያ ዘመን ሊጨምር ይችላል።

ቁጥሩ የሚያደናቅፈው የት ላይ ነው?

ቁጥሩን በቀላል ስሌት እንየው። ከጥናት የተወሰደ አይደለም፤ ለማስረዳት ያህል ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ 1,000 ውሾች አሉ እንበል። 980ው የሀበሻ ውሻ፣ 20ው የውጭ ዝርያ ነው። በዓመቱ 51 ሰው ተነከሰ። 49ኙን የነከሰው የሀበሻ ውሻ፣ ሁለቱን የውጭ ዝርያ ነው።

አንዱ ተነስቶ «ከመቶ 96ቱን ንክሻ ያደረሰው የሀበሻ ውሻ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ሌላው ደግሞ ያካፍላል። 49 ለ980 ሲካፈል ከመቶ አምስት ነው። 2 ለ20 ሲካፈል ከመቶ አሥር ነው። «የውጭ ዝርያ በእጥፍ አደገኛ ነው» ይላል። እሱም እውነቱን ነው። ግን ከሁለቱ ንክሻ አንዱ ባይደርስ ኖሮ ሁለቱ ወገን እኩል ይሆኑ ነበር። ሁለቱንም ሰው የነከሰው አንድ ውሻ ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ባለ ትንሽ ቁጥር ላይ ሕግ ማቆም ያስቸግራል። ሃያዎቹ ውሾች በሙሉ ቢታገዱስ? ንክሻው ከ51 ወደ 49 ይወርዳል። ያ ቀበሌ ችግሩን አልፈታም።

ቁልፉ አካፋዩ ነው። ስንት ውሻ አለ? ከዚያ ውስጥ የእያንዳንዱ ዝርያ ድርሻ ስንት ነው? ይህ ካልታወቀ የንክሻ ቁጥር ብቻውን ስለ ዝርያ ምንም አይነግረንም። ውሻ በሚመዘገብባቸው አገሮች እንኳ አካፋዩ አጨቃጫቂ ነው። በእኛ ከተሞች ደግሞ ውሻ የሚቆጥር የለም።

ሁለተኛው መሰናክል ዝርያውን መለየት ነው። ፒትቡል ራሱ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። የሚቀራረቡ የበርካታ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። በፍሎሪዳ በአራት የውሻ መጠለያዎች በተሠራ ጥናት 120 ውሾች በዲኤንኤ ተመረመሩ። የፒትቡል ዘር የተገኘባቸው 25 ብቻ ነበሩ። ሠራተኞቹ በዓይናቸው አይተው ፒትቡል ያሉት ግን የዚያን እጥፍ አልፏል። ሥራቸው ውሻ የሆነ ሰዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በጨለማ ተነክሶ በድንጋጤ የሚናገር ሰው ምን ያህል ይታመናል?

ሦስተኛው ጠባይ ነው። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ ዝርያ በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት የሚያብራራው ከመቶ 9 ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ዘር ምንም አያመጣም ማለት አይደለም። የእረኛ ውሻ ዘር መንጋ መከተሉ አለ። ግን ከፊታችን የቆመው ውሻ ይነክሳል ወይስ አይነክስም የሚለውን ከዘሩ ተነስቶ መገመት ደካማ ግምት ነው።

የወሎ ውሻ እንዴት ነው የሚኖረው?

ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ትተን የአንዱን ጉዳይ የምናወራ ከሆነ ክርክሩ ፍሬ አይኖረውም። በወሎ ከተሞችና ገጠሮች ያለው ውሻ ከሞላ ጎደል የሀበሻ ውሻ ነው። የከሳ፣ ቀልጣፋ፣ ቡናማ ወይም ቡላ። አንዳንዱ ንቁ ይሆናል ተብሎ ጆሮው በቡችላነቱ ተቆርጧል። በእስላሙም በክርስቲያኑም ቤት ቦታው ደጅ ነው፤ ቤት አይገባም። ሥራው ግልጽ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ጅብ ሲመሽ ሰፈር ይገባል። በገጠሩ በግና ፍየል አለ። ሌባም አለ። ውሻ የሌለው ግቢ ደፋር ግቢ ነው።

አያያዙን ቀረብ ብሎ ማየት ጠቃሚ ነው። ቀን ቀን ከባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ከአጥር ቋሚ ጋር በአንድ ሜትር ተኩል ሰንሰለት ይታሰራል። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ልጆች ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ በእንጨት ይጎነትሉታል። ሲመሽ ይፈታል። በሩ ቢዘጋም ከሥሩ ውሻ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ሌሊቱን ሥጋ ቤቱና የቆሻሻ ገንዳው አካባቢ ከሌሎች ውሾች ጋር ያድራል። ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ወይም ለኪዳን የሚወጣ ሰው የሚገናኘው ከዚህ መንጋ ጋር ነው። ይህ ውሻ የማን ነው? ባለቤት አለው፤ ሲነክስ ግን የለውም።

በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2009 የተከሰቱ 256 ሞቶችን ያየ ሌላ ጥናት እዚህ ጋ ይገናኘናል። ከመቶ 76 በሚሆኑት ሞቶች ውሻው የኖረው ከቤተሰቡ ተነጥሎ፣ በሰንሰለት ወይም በግቢ ታስሮ ነበር። ከመቶ 84ቱ አልተኮላሹም ነበር። ከመቶ 87ቱ አጠገብ ጣልቃ ሊገባ የሚችል ጤነኛ ትልቅ ሰው አልነበረም። ዝርያው በአስተማማኝ የተለየው ከመቶ 18 ባልሞሉት ብቻ ነው። ጥናቱ ያልነከሱ ውሾችን አብሮ ስላላወዳደረ ሰንሰለቱ ነው ያስነከሰው ብሎ አይደመድምም። ሆኖም የሚዘረዝረው አያያዝ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ለነገሩ ሰንሰለት የሚገዛው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ውሻ ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም የሚለውን ሲሰማ ስላደገ ነው።

እዚህ የሚገድለው ምራቁ ነው

ከውጭ የተቀዳው ክርክር ጨርሶ የማያነሳው ነገር አለ፦ የእብድ ውሻ በሽታ። እንግሊዝ ውስጥ ውሻ ሲነክስ ጥያቄው ቁስሉ ምን ያህል ጥልቅ ነው የሚል ነው። ወሎ ውስጥ ትንሽ ጭረትም ሞት ሊያመጣ ይችላል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ግን መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። ለሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው። ለኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት 2,700 ሰው አካባቢ ነው። በ2015 አገሪቱ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን በቅደም ተከተል ስታስቀምጥ የእብድ ውሻ በሽታ አንደኛ ወጥቷል። ይህን ሞት የሚያመጣው ፒትቡልም ሮትዋይለርም አይደለም። ያልተከተበ የሰፈር ውሻ ነው።

የተነከሰ ሰው የመጀመሪያ ሕክምናው ቀላል ነው። ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲባል ረጅም ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ አጥቦ ይበቃል ይላል። ቀጥሎ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን በተባለው ቀን ሁሉ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ ችግር አለ። በገጠሩ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባህላዊ መድኃኒት ሰጪ ነው። ሌላው ደግሞ ለቀናት ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ ሰምቶ ይፈራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ ዓይነቱ ክትባት ይወጣ፣ በክንድ በሚሰጠው ዘመናዊው ይተካ ሲል ኖሯል።

ውሻው ከተገደለ መረጃው አብሮ ይቀበራል

ሰው ሲነከስ ሰፈሩ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ውሻው በድንጋይና በዱላ ይሞታል፤ ሬሳው ገደል ይጣላል። ቁጣው ይገባል። ግን የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው።

የነከሰ ውሻ ጤነኛ ከመሰለ አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል። ምራቁ በሽታ የሚያስተላልፍበት ደረጃ ላይ ከነበረ በነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። በአሥረኛው ቀን ደህና ከሆነ ሰውዬው ከውሻው አልተያዘም ማለት ነው፤ የጀመረው ክትባትም በሐኪም ውሳኔ ሊቆም ይችላል። ክትባቱ እስኪታይ ተብሎ አይዘገይም፤ ያኑ ቀን ይጀመራል። ውሻው ከተገደለና ጭንቅላቱ ከጠፋ ግን ምርመራም የለም፣ ጥበቃም የለም። በላቦራቶሪ የሚረጋገጠው ከአንጎል በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ ጭንቅላቱን መፍጨት ማስረጃውን መፍጨት ነው። ተጠቂው ሙሉውን ክትባት ይወስዳል። እጥረት ካለ ደግሞ ለሌላው አይደርስም።

ወሎ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ከተነካሹ ስምና ዕድሜ ጎን አራት ነገር ቢጻፍ ብዙ ይታወቃል፦ ውሻው ባለቤት አለው? ተከትቧል? የነከሰው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ላይ? ከነከሰ በኋላስ ምን ሆነ? ዝርያው የሚለው አምስተኛ ቢጨመር ጉዳት የለውም። የሚጠቅመው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው።

በጅምላ መግደልስ?

የዝርያ እገዳ ታናሽ ወንድም አለው፤ መርዝ። ከተሞቻችን ውሻ ሲበዛባቸው መርዝ ማብላት የቆየ ልማድ ነው። ፍሎሬስ የምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት በ1997 በሽታው ሲገባባት ከውሾቿ ግማሽ ያህሉን ገደለች። በሽታው አልወጣም። ምክንያቱ ይገባል። ቆሻሻውና የሥጋ ቤቱ ትርፍ እስካለ ድረስ የሞተው ቦታ በሌላ ይያዛል። የሚተካው ቡችላ ደግሞ አልተከተበም። ከተገደሉት መካከል የተከተቡም ካሉ ሰፈሩ ጋሻውን በገዛ እጁ ጣለ ማለት ነው።

የተሻለው መንገድ የሚታወቅ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡና በየጊዜው ከታደሰ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሸጋገርበት ሰንሰለት ይበጠሳል። ለወሎ ሌላም ጥቅም አለው። አቡነ ዮሴፍ ተራራና ቦረና ሳይንት ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም። ባሌ ላይ ከእረኛ ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ከብት ጠባቂው ውሻ ሲከተብ ቀበሮውም ይጠበቃል።

የዝርያ ዝርዝር እዚህ ላይ ሊጎዳ ይችላል። ውሻዬ ይወሰድብኛል ብሎ የሰጋ ሰው ውሻውን ይደብቃል። የተደበቀ ውሻ ለክትባት አይወጣም፤ አይመዘገብምም።

ለፒትቡሉ ምን ይደረግ?

እንዲህ ሲባል የውጭ ዝርያ ጉዳይ የለም ማለት አይደለም። የጀርመን ሸፐርድና የሮትዋይለር ቡችላ በቴሌግራም ይሸጣል። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አስፈሪነቱን ነው። ውሻውንም የሚጠብቀው ያው የአንድ ሜትር ተኩል ሰንሰለት ነው። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ገና ትንሽ እያለ ሥርዓት ቢያዝ ይሻላል። ግን ሥርዓቱ የዝርያ ስም ሳይሆን አያያዝ ላይ ቢያርፍ የውጭውንም የሀበሻውንም ውሻ ይይዛል። የሚዘጋ አጥር፣ ከግቢ ሲወጣ ገመድና የአፍ ማሰሪያ፣ የክትባት ካርድ፣ ከዚህ ቀደም ለነከሰ ውሻ ጠበቅ ያለ ግዴታ።

ሕጋችን ለዚህ መነሻ አለው። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ። ሮትዋይለር ነው ወይስ የሀበሻ ውሻ ብሎ አይጠይቅም። ክፍተቱ ባለቤቱ «ውሻው የኔ አይደለም» ሲል ነው። ይህን የሚዘጋው በቀበሌ ደረጃ ምዝገባ ነው፤ ካርድ ያለው ውሻ ባለቤቱን ይዞ ይዞራል።

የሚከብደው ገንዘቡ ነው። የአንድ ውሻ ክትባት ዋጋ ለአንድ ተነካሽ ሰው ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ግን የውሻው ክትባት በእንስሳት ሀብት በጀት፣ የሰውየው ክትባት በጤና በጀት ነው የሚያዘው። አንዱ ቢሮ ሲያወጣ የሚቆጥበው ሌላው ቢሮ ነው። ሁለቱ በአንድ ዕቅድ እስካልሠሩ ድረስ የእንስሳት ቢሮው ለውሻ ገንዘብ የሚመድብበት ምክንያት ደካማ ነው፤ ከብቱም በጉም ክትባት ይፈልጋል፣ ውሻ ደግሞ ወተት አይሰጥም።